እልልታ የማይችል ጆሮ፦ በቱሉ ዲምቱ አንድ ቤተሰብ የመልስ ሙዚቃ የመረጠበት የጉዳይ ጥናት

ሁኔታው

የዚህ ጽሑፍ ባለጉዳይ በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖር አንድ ቤተሰብ ነው። ቤተሰቡ ሴት ልጁን ለመዳር ሲሰናዳ፣ በቤት ስሙ ማሙሽ የሚባለው የ12 ዓመት ታናሽ ወንድሟ በመልሱ ላይ እንዴት መቀመጥ ይችላል የሚል ጥያቄ ገጠመው። ማሙሽ ኦቲዝም አለበት፤ የሚናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፤ ድምፅ ሲበዛበት ጆሮውን በሁለት መዳፉ ይደፍናል፤ ካልቀለለው ደግሞ ራሱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። እስከዚያ ድረስ በዘመድ ሰርግም ሆነ ክርስትና እናቱ ከድግሱ ቀርታ እሱን ይዛ ቤት ስትውል ኖራለች። በዚህኛው ግን ሙሽራዋ «ማሙሽና እማዬ የሌሉበት መልስ ለእኔ መልስ አይደለም» ብላ ቁርጧን ተናገረች። የልዩ ፍላጎት መምህር በመሆኔ ቤተሰቡ እኔን ያማከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ዘመድ በነገሩ ላይ አንድ ልብ አልነበረም። «አሞላቃችሁት እንጂ ቢለምደው ይተወው ነበር» የሚሉ አጎቶች ነበሩ። ይህ አስተያየት ከክፋት የመጣ አይደለም፤ በአገራችን ስለ ኦቲዝም በአደባባይ መነገር የጀመረው በቅርቡ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው በጆይ የኦቲዝም ማዕከል ልጆችን መቀበል ሲጀምሩ፣ እንደ ማሙሽ ያሉ ብዙ ልጆች ከጎረቤት ዓይን ተሰውረው በቤት ይውሉ ነበር። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እንኳ ለድምፅ፣ ለብርሃን፣ ለንክኪና ለመሳሰሉት ከልክ ያለፈ ወይም ከልክ ያነሰ ምላሽ መስጠትን ከኦቲዝም መለያ ምልክቶች አንዱ አድርጎ በምርመራ መመሪያው ያካተተው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። የማሙሽ ጆሮ ቀደም ሲል በሐኪም ተመርምሮ መስማቱ ደህና እንደሆነ ታውቋል። ከሌላው ልጅ አብልጦ አይሰማም፤ የሚለየው የሰማውን ድምፅ መሸከም ላይ ነው፤ ይህም በቁጣ ወይም በማባበል የሚስተካከል ነገር አይደለም።

የእናቱ ደብተር

እናቱ አስቀድማ የራሷን ሙከራ አድርጋ ነበር። ረጋ ያሉ የትዝታ ዘፈኖችንና መዝሙሮችን በሞባይሏ ሰብስባ፣ ለስላሳ ስለሆኑ ይወዳቸዋል በሚል ተስፋ ታሰማው ነበር። ማሙሽ አንዳንዱን ዝም ብሎ ይሰማል፤ ሌላውን ግን ገና ሲጀምር ጥሎት ወደ መኝታ ቤት ይሮጣል። ሁለቱም እኩል ዝግ ያሉና እኩል ለስላሳ ስለሆኑ፣ ምክንያቱን ከዘፈኑ ፍጥነት ወይም ከግጥሙ ተነሥቶ መገመት አልተቻለም። ስለዚህ ዘፈኑን ለጊዜው አቆይተን በቤት ውስጥ የሚሰማውን ድምፅ ሁሉ ለመመልከት ተስማማን፤ እናቱም ማሙሽ የሸሸውን ድምፅ፣ የተጠጋውን ድምፅ፣ ሰዓቱን፣ እንዲሁም በዚያን ሰዓት ተርቦ ወይም እንቅልፍ አጥቶ እንደነበር በአንድ የተማሪ ደብተር ላይ መመዝገብ ጀመረች።

ከሸሻቸው ድምፆች መካከል የጁስ መፍጫ፣ በንፋስ የሚላተም የደረጃ የብረት በር፣ ወለል ላይ የሚወድቅ የድስት ክዳን፣ ከሕንፃው ግርጌ ካለው የብረታ ብረት ቤት የሚሰማ የብረት መቁረጫ፣ የሕፃን ልቅሶና እልልታ ይገኙበታል። የተጠጋቸው ድምፆች ግን ከዚህ ይልቅ ብዙ ያስተማሩን ናቸው። ማሙሽ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ ወደ ማዕድ ቤት ይገባና ጉንጩን በፍሪጁ ጎን ላይ ለጥፎ ይቆማል፤ ፍሪጁ ማጉረምረም ሲጀምር ዓይኑን ይጨፍናል፤ መብራት ጠፍቶ ጸጥ ሲል ደግሞ እንዲነሣ በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል። ባዶ ጀሪካን አግኝቶ ሲደበድብም ጎረቤት እስኪማረር ድረስ አይሰለቸውም። ድምፅ አይችልም የተባለ ልጅ ይህን ያህል መጮሁ አጎቶቹን ግራ አጋብቷቸው ነበር፤ ነገር ግን የጀሪካኑ ምት ወፍራም ነው፤ ደግሞም መቼ እንደሚመጣ ከማንም በፊት የሚያውቀው ራሱ መቺው ነው።

ደብተሩ ሲገመገም የሚሸሻቸው ድምፆች ወይ ቀጭንና ሹል ናቸው፣ ወይ ሳይታሰቡ ይመጣሉ፣ ወይ መቼ እንደሚያበቁ አይታወቅም። የሰው ጆሮ በተፈጥሮው ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ) ባለው ክልል ይበልጥ ንቁ ነው፤ የሕፃን ልቅሶ፣ የብረት ፍጭትና የማይክራፎን ፉጨት ብዙው ኃይላቸው በዚያ አካባቢ ስለሚያርፍ ማንንም ይወጋሉ። እልልታ ሦስቱንም ባሕርይ አጣምሮ የያዘ ነው። ቀጭን ነው፤ በድንገት ይነሣል፤ አንዷ ስትጀምር ስንቷ እንደምትከተላትና የት ላይ እንደሚቆም የሚያውቅ የለም። የመልሱን ሙዚቃ የመምረጥ ሥራ እንግዲህ ከዚህ መነሣት ነበረበት።

ማቆሚያው በማሙሽ እጅ ሲሆን

ሙዚቃውን የፈተሽነው በአንድ ትንሽ የብሉቱዝ ስፒከር ነው። በሞባይሉ በራሱ ድምፅ አልተጠቀምንም፤ የሞባይል ስፒከር ቤዙን ስለማያወጣው ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋና ቀጭኑ ብቻውን ይቀራል። ከእናቱ ለስላሳ ዘፈኖች መካከል የተጠሉት አንዳንዶቹ በስፒከር ሲሰሙ ምንም አላደረጉትም። ስለዚህ ልጄ ይህን ዘፈን አይወድም የሚል ወላጅ ዘፈኑን ከመሰረዙ በፊት በምን እንዳሰማው መጠየቅ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ክፍሉም የራሱ ድርሻ አለው፤ የኮንዶሚኒየም ሳሎን በብሎኬት ግድግዳና በሲሚንቶ ወለል የተሠራ በመሆኑ ድምፁ እየተንጸባረቀ ይደራረባል። ምንጣፍ አንጥፈን፣ መጋረጃውን ዘግተንና አንድ ፍራሽ በግድግዳው ላይ አቁመን ስንሞክር ማሙሽ ከበሩ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ስፒከሩ ቀረበ።

ሞባይሉን ለማሙሽ ሰጥተን የማቆሚያ ምልክቷን አሳየነው። መጀመሪያ ላይ ሙዚቃውን ትቶ በምልክቷ መጫወት ያዘ፤ ያስነሣል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ያስነሣል። እናቱ ስልኩን ልትቀማው ቃጥታ ነበር፤ ሆኖም ድምፅን በፈለገ ጊዜ ጸጥ ማሰኘት መቻሉን ሳያረጋግጥ ተረጋግቶ ሊሰማ እንደማይችል ስላስረዳኋት ታገሠች። ይህ ካለፈለት በኋላ ዘፈኖችን እስከ መጨረሻቸው መስማት ጀመረ፤ ከዚያም በአንድ የሰርግ ዘፈን ላይ ያልጠበቅነውን ነገር አየን። ዘፈኑ እንደ አብዛኞቹ የሰርግ ዘፈኖች በመካከሉ እልልታ የተቀረጸበት ነው፤ ማሙሽ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማና እልልታው ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው ጣቱን ወደ ማቆሚያው ሰዶ ያቆመዋል። ደግመን ብናሰማውም የሚያቆምበት ቦታ አልተለወጠም። ዘፈኑን አልጠላም፤ የሚወጋው የትኛው ቦታ እንደሆነ በቃሉ ይዞታል እንጂ። ኮምፒውተር የሚችል አንድ የአክስቱ ልጅ እልልታውን ከዘፈኑ ውስጥ ቆርጦ አወጣው፤ ሊወጣ ያልቻለውንም ከሩቅ የመጣ እስኪመስል ድረስ ዝቅ አደረገው። ማሙሽ የተስተካከለውን ሲሰማ ጣቱን በተለመደው ቦታ ላይ አዘጋጅቶ ጠበቀ፤ እልልታው ሳይመጣ ሲቀር ስልኩን አገላብጦ አየውና ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ተወው።

ከባህል መሣሪያዎች መካከል ማሲንቆ አልሆነለትም። ከፈረስ ጭራ የተሠራው ብቸኛ አውታር ተመሳሳይ ጭራ ባለው ደጋን ሲፈገፈግ የሚሰጠው ሻካራ ድምፅ፣ አዋቂውን በትዝታ የሚያስለቅሰውን ያህል ማሙሽን ያንገሸግሸዋል። ዋሽንትም ከፍ ወዳለው ድምፅ ሲወጣ አስነሥቶ አባረረው። ክራር በጣት ቀስ ተብሎ ሲመታ ግን ይቀበላል። በሁሉም ላይ የበለጠው በገና ነው፤ በአሥሩ አውታሮቹና በመቀመጫቸው መካከል የሚገቡት እንዚራ የሚባሉ ትንንሽ ቆዳዎች ለድምፁ ያንን የታወቀ ንዝረት ይሰጡታል፤ ፍሪጅ አቅፎ የሚውል ልጅ በገናን መውደዱ አያስገርምም። ለመልስ ግን ሊያገለግል አልቻለም። እናቱ «በገና የጸሎት ነው፤ እኔ በሁዳዴ የምሰማውን ለጭፈራ አላደርገውም» አለች፤ ትክክልም ነበረች። በገናው ማሙሽ ሲደክመው ለሚያርፍበት መኝታ ቤት ብቻ እንዲሆን ተወሰነ።

ቅኝትን በተመለከተ ከዘመድ ወገን ብዙ ምክር መጥቶ ነበር፤ ትዝታ ያረጋጋል፣ አንቺ ሆዬ ይረብሻል የሚል። በማሙሽ ላይ ይህ አልታየም። አንዱ የትዝታ ዘፈን ሲያስሮጠው ሌላው የትዝታ ዘፈን አስቀምጦታል፤ ልዩነቱ ያስከተለው የመሣሪያው ድምፅ፣ የአቀራረጹ ጥራትና የአጀማመሩ ሁኔታ ነው። ፍጥነትም እንደዚሁ ነው። መጀመሪያ ረጋ ብሎ ዙሪያውን የሚዞረው፣ በኋላ ላይ የሚፈጥነው የትግርኛ ጭፈራ ፈጣኑ ክፍል ላይ ሲደርስ ይረብሸዋል ብለን ስንሰጋ፣ ከበሮው ከሥር ሳይቋረጥ ስለሚመታ ወደደው። የጉራጊኛው ዘፈን የወደቀው በፍጥነቱ ሳይሆን በጥድፊያ ጭብጨባውና በመሃል በሚገባው ጩኸት የተነሣ ነው። ለሌላ ልጅ የተገላቢጦሽ ሊሆን ስለሚችል ይህ ዝርዝር ለማሙሽ ብቻ የሚያገለግል ነው።

በዚህ መካከል አንድ አጎት «ጆሮ የሚያስተካክል» የተባለ፣ ድምፁ በተለየ መንገድ የተጣራ ሙዚቃ በፍላሽ ይዞ መጣ። ይህ ዓይነቱ ሥልጠና በውጭ አገር ለዓመታት ሲሸጥ የኖረ ቢሆንም፣ የተደረጉለትን ሙከራዎች የገመገሙ አጥኚዎች የሚያሳምን ማስረጃ አላገኙለትም። በባለሙያ የሚሰጥ የሙዚቃ ሕክምናም ቢሆን የኦቲዝምን ምልክት ያቀልላል ብሎ ተስፋ መስጠት ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ የታተመ፣ በ9 አገሮች 364 ሕፃናትን ያካተተ ጥናት በምልክቶቹ ክብደት ላይ ከመደበኛው እንክብካቤ የተለየ ለውጥ አላሳየም። ለቤተሰቡ የነገርኩትም ይህንኑ ነው፤ የምንመርጠው ሙዚቃ ማሙሽ በእህቱ ደስታ ላይ ተቀምጦ እንዲሰማ የሚያስችል እንጂ የሚፈውሰው አይደለም። ፍላሹ ከመሳቢያ ገባ።

ከአክስቶች ጋር የተደረገ ስምምነት

ከተቀረጸ ዘፈን ላይ እልልታን መቁረጥ ቀላል ነው፤ ከአክስቶች ጉሮሮ ላይ ግን አይቻልም። የእናቱ ታላቅ እህት ነገሩን እንደሰሙ «መምህር፣ እልልታ ሳይባልማ ሰርግ ሳይሆን ለቅሶ ነው የሚመስለው» አሉኝ፤ ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም የምመልሰው አልነበረኝም። እልልታው ይቅር ማለት ከመነሻው ሐሳቤ አልነበረም። ማሙሽን የሚጎዳው በአብዛኛው ድንገተኛነቱ ስለሆነ፣ አስቀድሞ የሚያውቅበት ምልክት ከተገኘ ጫናው እንደሚቀንስ አስረዳሁ።

የምልክቱ ሐሳብ የመጣው ከእሳቸው ከራሳቸው ነው። የነጠላቸውን ጫፍ ከፍ ሲያደርጉ እልልታ እንደሚነሣ፣ ሲያወርዱ እንደሚቆም፣ ከእሳቸው በፊትም ማንም እንደማይጀምር ሴቶቹ ሁሉ ተስማሙ። ለማሙሽም የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉት ዓይነት የጆሮ መከለያ ከመርካቶ ተገዛለት። በቤት ውስጥ ሲለማመዱ አክስቱ ነጠላቸውን ያነሣሉ፣ ማሙሽ መከለያውን ያጠልቃል፣ ከዚያ አንድ አጭር እልልታ ይሰማል፣ ነጠላው ይወርዳል፤ ልምምዱ በአንዲት ሴት ድምፅ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ብዙዎች ተጨመሩ። መከለያውን ቀኑን ሙሉ እንዳያደርገው ግን እናቱን አጥብቄ መክሬያለሁ፤ ጆሮ ያለማቋረጥ ሲሸፈን ጸጥታን ይለምድና ተራው ድምፅ ጭምር ይበልጥ የሚከብደው ሊሆን ይችላል።

ድንኳኑና ዲጄው

መልሱ በአዳራሽ ይሁን ወይስ በሕንፃው ግቢ በሚተከል ድንኳን የሚለው ክርክር ገንዘብን መሠረት አድርጎ የተጀመረ ቢሆንም፣ ለማሙሽ ሲባል ድንኳኑ ተመረጠ። ቆርቆሮ ጣራና ሊሾ ወለል ያለው አዳራሽ ድምፁን መልሶ ይወረውራል፤ የድንኳን ሸራ ግን ብዙውን ወደ ውጭ ያሳልፋል፤ ከድንኳኑ እስከ ቤታቸው ያለው መንገድም ጥቂት እርምጃ ነው።

ዲጄው ወጣትና ሥራውን የሚወድ ነው። መጀመሪያ «ድምፅ ከቀነስኩ ሰው አይጨፍርም» የሚል ሥጋት ያለው መስሎኝ ነበር፤ የእሱ ሥጋት ግን ድምፁ ከተቀነሰ ሰው ክፍያውን ይከራከረኛል የሚል ነበር፤ ሙሽራው ዋስ ሆነለት። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች ደኅንነት የሚመክረው የአደማመጥ ልክ በሳምንት ለ40 ሰዓት 75 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ነው። ይህ ልክ ጆሮ እንዳይጎዳ የወጣ እንጂ እንደ ማሙሽ ያለውን ሰው ምቾት የሚለካ ባይሆንም፣ ለስምምነት የሚሆን ቁጥር ስለሚያስፈልግ በማሙሽ መቀመጫ ላይ ከዚያ እንዳያልፍ ተነጋገርን። የሞባይል መለኪያ ግምት ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ቢሆንም 10 ዴሲቤል ሲጨመር ለጆሮ በግምት እጥፍ ያህል ስለሚሰማ፣ ዲጄው እያንዳንዷን ጭማሪ እንዲጠነቀቅ ረድቶታል።

ከድምፁ መጠን የበለጠ የጠቀሙን ሦስት ነገሮች ናቸው። የማሙሽ ወንበር ከስፒከሮቹ ኋላ በጎን በኩል፣ ከመውጫው አጠገብ ሆነ፤ ቀጭን ድምፅ ስፒከሩ ወዳየበት አቅጣጫ ስለሚያመራ ወደ ኋላ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው፤ ቤዙ ግን ዞሮ ይደርሰዋል፤ እሱም የሚፈልገው ቤዙን ነው። ትሬብሉ፣ ማለትም ቀጭኑ ድምፅ፣ በሚክሰሩ ላይ ዝቅ ተደረገ። እያንዳንዱ ዘፈን በድንገት ሳይፈነዳ ከታች ተነሥቶ ቀስ እያለ እንዲወጣ ተወሰነ። ማይክራፎን የያዘ ሰው ደግሞ ከስፒከር ፊት እንዳይቆም አንድ የሰፈር ልጅ ጠባቂ ሆነ፤ ፉጨት የሚመጣው ማይክራፎኑ የስፒከሩን ድምፅ መልሶ ሲውጠው ነውና። መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ ከመነሣቱ በፊት ዲጄው ድምፁን ዜሮ ላይ እንዲያደርግም ተነግሮታል።

የመልሱ ቀን

ማሙሽ ሙሽሮቹ ሲገቡ በወንበሩ ላይ ነበር። አክስቱ ነጠላቸውን አነሡ፤ ማሙሽ መከለያውን አጠለቀ፤ እልልታው ተንጫጫ፤ ነጠላው ሲወርድ ግን ከሙሽራው ወገን የመጡት ሴቶች ስምምነቱን ስላላወቁ ቀጠሉ። ማሙሽ ተነሥቶ ቆመ፤ አክስቱም በእጃቸው ምልክት ሰጥተው አስቆሟቸው። እሱም ቆሞ ከቆየ በኋላ ተመልሶ ተቀመጠ።

ጭፈራው ሲጀመር ሴቶች የያዙት ከበሮ ከዲጄው ሙዚቃ ይልቅ ሳበው። ከወንበሩ ተነሥቶ ከበሮ መቺዋ ዘንድ ሄደና መዳፉን በከበሮው ጎን ላይ አሳረፈ፤ እሷም ልጁን በዓይኗ እየጠበቀች በሰፊው አፍ በኩል ያለውን ወፍራም ድምፅ ብቻ መምታት ቀጠለች። በዚህ ዓይነት ረዘም ያለ ጊዜ ቆየ።

ኬኩ ሊቆረጥ ሲል ግን አንድ እንግዳ ማንንም ሳይጠይቅ ወረቀት የሚበትን የሚፈነዳ ነገር ተኮሰ። ለዚህ ማንም አልተዘጋጀም ነበር፤ ማሙሽ እየጮኸ ሮጦ ወጣ፤ አባቱም ተከተለው። በገናው በመኝታ ቤት ተከፈተለት፤ ከዚያ በኋላ ወደ ድንኳኑ አልተመለሰም፤ ቤተሰቡም አላስገደደውም። እናቱ በልጇ መልስ ላይ ኬኩ ሲቆረጥ ነበረች፤ ከማሙሽ ጋር ቤት የዋለው ደግሞ አባቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ

ዲጄው እልልታ የተቆረጠለትን ዘፈን በፋይሉ አስቀምጦታል፤ ሌላ ቤተሰብ ሲጠራውም «ለድምፅ የሚቸገር ሰው አለ ወይ» ብሎ እንደሚጠይቅ ነግሮኛል። እናቱ መከለያውን በሚኒባስ ታክሲና በብረታ ብረት ቤቱ ደጅ ሲያልፉ ብቻ ታደርግለታለች። የሚፈነዱ ነገሮችን በተመለከተ ለሚቀጥለው ድግስ በጥሪ ካርዱ ላይ አንድ መስመር እንዲጻፍ አሳስቤያለሁ፤ አባትየው እንግዳን አታድርግ ማለት ይከብዳል ብለው ገና አልተቀበሉኝም። የዘፈኑ ዝርዝርም በየጊዜው ይከለሳል፤ የልጅ ጆሮ እያደገ ሲሄድ ይለዋወጣልና ማሙሽ ለመልሱ ከተመረጡት መካከል አንዳንዶቹን አሁን ገና ሲጀምሩ ያቆማቸዋል፤ ወጥተዋል። በምትካቸው የሚገቡትን እሱ ራሱ በስልኩ እየፈለገ ነው።